የወለላ ማቆያ

ዳር ነጋሪዋ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ በሬዲዮ ጀመረች።

«የዛሬ ዳር። ብላቴ አፍ ላይ ውሃው ባለበት ቆሟል። ላንቴ ውስጥ ትንሽ ገብቷል። ከአርባ ምንጭ በታች ያላችሁ ዕቃችሁን አንድ መደርደሪያ ከፍ አድርጉ። መልካም ቀን።»

ሐይቁ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ወዲህ የአባያ ዳር ሰው ከእንቅልፉ የሚነቃው በዚህች ሴት ድምፅ ነው። ቁጣ የላትም፣ ሐዘንም የላትም። ውሃው የማንን ቤት እንደበላ ስትናገር የሽንኩርት ገበያ የምታወራ ነው የሚመስለው።

«መልካም ቀን ትላለች ደግሞ» አለች ወይዘሮ ፌቨን፣ የቅቤውን ዕቃ በጨርቅ እየጠቀለለች። «ሳሎኔ ውስጥ ዓሣ እየዋኘ።»

ባሏ አቶ ያፌት ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ገመድ ከቤታቸው በር እጀታ ላይ ይፈታል። ጀልባ ከበር እጀታ ማሰር በዚያ አገር ማንንም ማስገረም ከተወ ቆይቷል።

ፌቨን የምትጭነው አላልቅ ብሏታል። ለጋ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ለአራስ የሚሆን አብሽ፣ ራሷ የሠራቻት አንዲት የሹራብ ቆብ። አንድያ ልጃቸው ወለላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየተቃረበ ነው። ትዳሯም ሥራዋም በስተደቡብ፣ ጨው ባሕር ዳር በተቆረቆረችው በአዲሲቱ ወይጦ ነው። ፌቨን ልጇን በወሊዷ ልትንከባከብ፣ ገንፎዋን ልታገነፋላት፣ ወገቧን ልታስርላት መሄዷ ነው። ያፌት ደግሞ ጀልባ ሊነዳ።

ወለላ ግን ሞታለች። ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም እንዳለች፣ ባሏ ኤርምያስ ሐኪም ይዞ እስኪመለስ አልቆየችውም። ከነጽንሷ ተቀብራለች። ከሁለቱ ይህን የሚያውቀው ያፌት ብቻ ነው።

የነገሩት የወይጦ እድር ዳኛ አቶ ኩሲያ ናቸው። «አቶ ያፌት፣ ብቻዎን ነዎት?» አሉት በስልክ። በዚህ የሚጀመር ወሬ ምን ይዞ እንደሚመጣ ልጅም ያውቀዋል። ያፌት ግድግዳ ተደገፈ።

«እንግዲህ እናቲቱን አምጪው እርስዎ ነዎት» አሉ ኩሲያ ከነገሩት በኋላ። «ሆድ ይፍጀው ይበሉ። እዚህ ሲደርሱ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት፣ በማለዳ እናረዳታለን። እስከዚያ ማቆያ ላስገባላት?»

«ያስገቡላት» አለ ያፌት።

ማቆያ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮም መርዶ እንዲሁ አይነገርም ነበር፤ ወግ አለው። ስልክ መጣና ወጉን አፈረሰው። ስንቷን እናት በገበያ መሐል፣ ስንቱን አባት በመንገድ ላይ ብቻውን ደፋ። ኋላ እድሮቹ መከሩና መልሰው በስልክ ጠገኑት። ሟች በዕድሜው ሙሉ ያወራውን፣ የሳቀውን፣ የተነጫነጨውን ሁሉ ስልኩ ያውቀዋልና፣ ዘመድ እስኪደርስ ድረስ እሱን ሆኖ ይቆያል። የሚዘጋው ይግባ ብሎ የፈቀደው ሰው ብቻ ነው፤ የሟችን ስም ከነአባቱ ጠርቶ «ነፍስ ይማር» ሲል ያበቃል። ስለ ማቆያ የማያውቅ ሰው የለም፤ የራሱን ሰው የሚጠረጥር ግን የለም። በሕይወት ያለን ሰው «ማቆያ ነህ ወይ» ብሎ መጠየቅ እንደ ሟርት ስለሚቆጠር፣ የጠረጠረም ቢኖር አይጠይቅም።

እንዲህ ሆኖ ተነሡ።

ያፌት በወጣትነቱ በዚሁ መንገድ ሚኒባስ ነድቷል። መንገዱ አሁን ከጀልባዋ ሥር ነው። የመብራት ምሰሶዎቹ ግን ጫፍ ጫፋቸውን አውጥተው እስከ አርባ ምንጭ ተሰልፈዋል፤ ጀልባው ሁሉ ዳሩን በቀኝ፣ ምሰሶውን በግራ እየተወ ይሄዳል። ውሃው እንደ ሜዳ የተዘረጋ ሆኖ ሳለ፣ ነጂዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ሲደርሱ መሪያቸውን ይጠመዝዛሉ። የድሮው መንገድ እዚያ ኩርባ ነበረበት። ላንቴ ላይ ሙዝ ሻጮች መንገድ ዳር ይቆሙበት በነበረው ቦታ፣ ዛሬ ዓሣ ሻጮች ጀልባቸውን አስረው ይጠብቃሉ። እናቶቻቸው የቆሙበት ላይ ነው የቆሙት፣ ብዙ ክንድ ከፍ ብለው።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ፌቨን ስልኳን ከአንገቷ ላይ አነሣች። እንደ ማተብ ነው የምታስረው።

«እሚ፣ ደረሳችሁ እንዴ?» አለች ወለላ።

«የት እንደርሳለን። አባትሽን አታውቂውም? ኤሊ ቀድሞን ሄደ።»

ወለላ ሳቀች። ሳቋ መጨረሻ ላይ በአፍንጫዋ ትር የምትል ነገር ነበረቻት፤ እሷም አልቀረችም። ያፌት መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አልሰማም ብሎ ምሎ ነበር የተነሣው።

«ተይው አባቢን። አትቸኩሉ፣ እኔ የት እሄዳለሁ» አለች።

«ትራገጣለች?» ፌቨን ሴት እንደሆነች ወስና ጨርሳለች።

«ዛሬማ አላስቀምጥ ብላኝ ዋለች።»

መሬት ውስጥ ያለ ጽንስ እንዲህ በስልክ ይራገጣል። ማቆያ የተፈጠረው እናት እንዳትደነግጥ ነው፤ የተጠየቀውን እንደሚያስደስት አድርጎ ይመልሳል።

ፌቨን የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ አንድም ሳታስቀር አወራች፤ ወለላ ሁሉንም ሰማቻት። ስልኩ ሲዘጋ ፌቨን ፊቷ በርቶ ነበር።

«እርግዝና እንዴት ያለ ትዕግሥት ሰጣት በማርያም» አለችው። «ድሮ ሦስት ቃል ሳልጨርስ ‹እሺ እሚ፣ ቻው› ነበር የምትለኝ። ጥድፊያዋ የአንተ ነበር፤ አሁን ገና ወደ እኔ መጣች።»

ያፌት ያንን «እሺ እሚ፣ ቻው» አንድ ጊዜ ለመስማት ምን የማይሰጥ ነበር። እጁን ሰደደና የሞተሩን ጉልበት ቀነሰው። ለምን ብትለው ነፋሱ ነው ይል ነበር። እውነቱን ግን እሱም ያውቀዋል። ወይጦ ሲደርሱ ወለላ ትሞታለች። እስከዚያ ድረስ አለች።

ሳምንት የማይሞላ መንገድ ነው። ያፌት ግን ሰበብ አላጣም። አንድ ቀን እምቦጩ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመ፤ አንድ ቀን ደመናው ሞተሩን ፀሐይ ነሳው፤ አንድ ቀን ወገቡን አመመው፤ ይህኛው እንኳ እውነት ነበር። ፌቨን ትነጫነጫለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ወልዳ፣ ክርስትና አንሥታ፣ ድራ ልትጠብቀን ነው?» ትለዋለች። ማታ ማታ ደግሞ ስልኩ «አትቸኩሉ እሚ፣ ገና ነኝ» ይላታል፤ ያን ጊዜ ትረጋጋለች። ያፌት የሚዋሸው ብቻውን አልነበረም። ልጁ ታግዘው ነበር።

አባያንና ጫሞን የምትለየው አንገት ላይ፣ የእግዜር ድልድይ የሚሉት ቦታ፣ የውሃ በር አለ። ጀልባ ሁሉ እዚያ ተራ ይይዛል። ፌቨን ተራ ሲጠብቁ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ጋር ጨዋታ ያዘች፤ እየተጫወተችም ወለላን ጠራቻት። «ይኸው ልጄ፣ ሰላም በያት» ብላ ስልኩን ወደ ሻጯ ዘረጋች።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አለች ወለላ።

ሴትየዋ ጆሮዋን አዘነበለች። የማቆያ ድምፅ ከጀርባው ምንም የለውም። ዶሮ አይጮኽበትም፣ በር አይንኳኳበትም፣ የጎረቤት ልጅ አያለቅስበትም። ቀና ብላ ያፌትን አየችው። ያፌት ዓይኑን ሰበረ። «ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ» አለች ሴትየዋ፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ከዓሣዎቹ ትልቁን ለፌቨን አቀበለቻትና ቀዝፋ ሄደች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጥቂት ሳይቆይ በሰልፉ ላይ ያለው ጀልባ ሁሉ አወቀ። አንድ በአንድ ጀልባቸውን ወደ ዳር እያስጠጉ ለያፌት መንገድ ከፈቱለት። የውሃው ወግ ነው፤ መርዶ ያለበትን ጀልባ አያስቆሙም። በር ጠባቂውም ከላይ ሆኖ በራሱ ምልክት ሰጠው፣ እለፍ ብሎ።

«ምነው ዛሬ ሰዉ ደግ ሆነሳ?» አለች ፌቨን።

ያፌት ሞተሩን አጠፋ። ወደ በር ጠባቂው ቀና ብሎ ተበላሽቷል በሚል እጁን አወዛወዘ። በር ጠባቂው እንዳልገባው ሰው ቆሞ አየው። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ አምጪ ተራውን ሲለቅ። ጀልባዎቹ ቆመው ቆመው አንድ በአንድ አለፉ፤ ያፌትና ፌቨን በሩ ደጃፍ ላይ ብዙ ቀን ሰነበቱ።

እዚያ ሳሉ አንድ ቀን፣ ፌቨን ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል፣ ያፌት በራሱ ስልክ ደወለ። የመጀመሪያው ነው።

«አባቢ» አለችው። «ምነው ድምፅህ?»

«ምንም። ምሳ በላሽ?»

«በላሁ።»

«ምን በላሽ?»

«የተጠበሰ ዓሣ ነዋ። ሁለት ሰው ሆኜ ሁለት ዓሣ ጨረስኩ። አንተስ፣ ወገብህን ተሻለህ?»

ያፌት ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ እያወቀም ሆዱ ዕረፍት አገኘ። በልታለች። ወገቡንም ጠየቀችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ፌቨን ጋደም ስትል እሱ ይደውላል። ሚስቱን ወደ ለቅሶ የሚወስድ ሰው፣ ማን አየኝ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ከሞተች ልጁ ጋር እየተሳሳቀ ይውላል።

ኩሲያ ደወሉ። «አቶ ያፌት፣ የት ደረሳችሁ? ኤርምያስ አልቻለም። እናት ሳታለቅስላት እንዴት እርም ይወጣል? ድንኳኑን አፍርሰን መልሰን ልንተክል ነው።»

«ሞተሩ እምቢ አለኝ።»

«ሌላ ጀልባ ልስደድልዎት?»

«የለም፣ የለም። እየተሠራ ነው።»

«ማቆያ ለጥቂት ቀን ነው አቶ ያፌት። ሲሰነብት ያበላሻል።»

«ምን ያበላሻል?»

«ሰውን።»

ኋላ በሩን አልፈው ጫሞ ገቡ። እዚያ አዞዎቹ በሰመጠ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ፌቨንም አዞ የምታይበት ልብ አልነበራትም። በጣቷ ወር ትቆጥራለች።

«ወሯ አለፈ» አለች። «ያፌት፣ የልጅቷ ወር አለፈ እኮ።»

«ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ስንት ሴት አዋልጄ? እኔ ወር ልሳሳት?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋትም ማታም ጥያቄዋ አንድ ሆነ። ጀመረሽ ወይ? ገና ነው እሚ። ወገብሽንስ? ደህና ነኝ። ሐኪሙ ምን አለ? ደህና ነሽ አለኝ። ፌቨን መብላት ተወች። «የሚዘገይ ሽል ደግ አይደለም። አንድ ነገር ደብቃኛለች» እያለች ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩን ይዛ ምርር ብላ አለቀሰች። «ወለላዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የሆንሽው ነገር አለ?»

ያፌት መሪውን ለቀቀ። አሁን ሰማች ብሎ አሰበ። በልቡም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እፎይ ያለ ነገር ነበረው።

ማቆያው ግን የተሠራው እናት እንዳታለቅስ ነው። ገና ነው ማለት ካሁን ወዲያ አላጽናናትም፤ የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«እሚ» አለች ወለላ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አሁን… ጀመረኝ መሰለኝ።»

ያፌት አፉን ከፈተ። «ወለላ ያፌት» ሊል፣ «ነፍስ ይማር» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ግን ቢዘጋው ፌቨን የምትሰማው ልጇ በምጥ ላይ ሆና ድምፅዋ ሲቋረጥ ነው፤ እዚህ ውሃ ላይ፣ ከእሱ በቀር ደጋፊ በሌለበት። አዞውም ውሃውም እዚያው ናቸው። ባይዘጋው ደግሞ ልትወልድ ነው። ያፌት ቆመ፣ ቆመ፤ አፉን መልሶ ገጠመ።

«አይዞሽ፣ ማርያም፣ ማርያም በዪ» ትላለች ፌቨን፣ ተንበርክካ፣ መሬት እየነካች የምትስም ያህል የጀልባዋን ወለል በእጇ እየዳሰሰች። «በረጅሙ ተንፍሺ። ኤርምያስ አለ? ሴቶቹ አሉ?»

«አሉ እሚ፣ ሁሉም አሉ።»

ምጡ ቶሎ አለቀ። ማቆያ አያስጨንቅም። የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ልክ እንደ ሕፃን።

ፌቨን ተነሥታ ቆመችና እልልታዋን አቀለጠችው። ጫሞ ላይ የነበረው ጀልባ ሁሉ ዞር አለ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሴቶቹ ከያሉበት መለሱላት። እልልታው ከጀልባ ወደ ጀልባ እየተቀባበለ እስከ ወዲያኛው ዳር ሄደ።

«ሴት ናት» አለችው፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ። «አላልኩህም? ሴት ናት ያፌት።»

ያፌት አለቀሰ። ልጁ ከሞተች ጀምሮ አላለቀሰም ነበርና ማቆም አቃተው።

«አልቅስ፣ አልቅስ። የደስታ ነው» አለችው። ስልኩንም ወደ አፏ አስጠግታ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ እናት። ስሟን እኔ ነኝ የማወጣው፣ እንዳትቀድሙኝ። ኑሪልኝ ብያታለሁ» አለች።

«ኑሪልኝ» አለች ወለላ። «ደስ ይላል እሚ።»

ከዚያ በኋላ ያፌት ሮጠ። ሞተሩ ዳነ፣ ነፋሱ ቆመ፣ ወገቡም ተሻለው። ከጫሞ ወጥቶ በሰገን ቦይ ቁልቁል ወደ ጨው ባሕር ሲነዳ ያገኘውን ጀልባ ሁሉ ይቀድማል። ፌቨን ከኋላው ተቀምጣ ትስቃለች። «አሁን ገና አያት ሆንክ። ልጅ ስትጠብቅህ ኤሊ፣ የልጅ ልጅ ስትጠብቅህ ጥንቸል።» ስልኩ አንገቷ ላይ አያርፍም። ሕፃኗ ጠባች፣ ሕፃኗ ተኛች፣ ሕፃኗ በእንቅልፏ ሳቀች። ያፌት ሁሉንም ይሰማል።

ወይጦ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ለኩሲያ ደወለ። «ነገ ጠዋት እንደርሳለን» አለ። «አንድ ነገር አለ። ወልዳለች።»

«ማን?»

«ወለላ። በስልኩ።»

ኩሲያ አንቱታውን ተዉት። «ምን አደረግህ፣ ያፌት?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወይጦ ደረሱ። ፌቨን ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሯን ተሠርታለች። ወደቡ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ውይ፣ ለቅሶ ላይ ደረስን» አለች ፌቨን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማን ቤት ይሆን? ኋላ ሄጄ እደርሳቸዋለሁ፤ አሁን በአራስ ቤት ለቅሶ ይዤ አልገባም።»

ከጀልባዋ እንደወረደች ሁለት ሴቶች መጥተው ክንዷን ያዙ። ኩሲያ ከፊቷ ቆሙ። ሽማግሌ ናቸው፤ ስንቱን አርድተዋል።

«ወይዘሮ ፌቨን፣ እግዜር ያጽናሽ። ልጃችን ወለላ አርፋለች። ከነጽንሷ አፈር ካለበስናት ከርመናል። ይህን ሁሉ ቀን አንቺን ስንጠብቅ ነው።»

ፌቨን አየቻቸው። ፈገግ አለች፣ የተሳሳተ ሽማግሌን ላለማሳፈር እንደሚደረገው። «ተሳስተዋል አባቴ። የእኔ ልጅ አራስ ናት። ማታ አውርተናል።» ከሰዉ መሐል አማቿን ፈለገች። ኤርምያስ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ከሲታ ሆኖ ቆሟል። «ኤርሚ፣ ንገራቸው እንጂ። ሕፃኗን ለማን ሰጥተህ መጣህ?»

«የቷን ሕፃን?» አለ ኤርምያስ።

ያን ጊዜ ፈገግታዋ ጠፋ። ክንዷን ከሴቶቹ አስለቅቃ ስልኳን አነሣች። «ወለላ!»

«እሚ» አለች ወለላ። «ደረሳችሁ?» ከጎኗ ሕፃን ያለቅሳል።

ኤርምያስ የሚስቱን ማቆያ ሰምቶ አያውቅም፤ አልሰማም ብሎ ነበር። አሁን ግን የእሷንም ሰማ፣ ያንኛውንም ሰማ። ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ዝጋው» አሉ ኩሲያ።

ያፌት ከሚስቱ ፊት ቆመ። ዓይኗን ማየት አልቻለምና ስልኩን እያየ ተናገረ። «ወለላ ያፌት» አለ። «ነፍስ ይማር።»

«አባቢ፣ እኔ እኮ…» አለች ወለላ። ከዚያ የለችም።

ሕፃኗ ግን አላቆመችም። ታለቅሳለች። ያፌት የጠራው አንድ ስም ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም እድር ደርሶ አያውቅም፤ ሴቶቹ ዋይ ሊሉ ከፍተውት የነበረውን አፍ እንደከፈቱ ቀሩ። ለአንድ ሰው መርዶ ይዘው ነበር የመጡት፤ ለዚህችኛዋ ማንም የያዘው ነገር አልነበረም።

ፌቨን ስልኩን ደረቷ ላይ አጣብቃ በነጠላዋ ሸፈነችው። ወዲያና ወዲህ ትወዘወዛለች። «እሹሩሩ» ትላለች። «እሹሩሩ፣ እናትሽ ትመጣለች።»

«ያፌት» አሉ ኩሲያ በቀስታ። «ስም አላት?»

«አላት።»

«ጥራዋ እንግዲህ።»

«እንዳትጠራት» አለች ፌቨን። አልጮኸችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው አቀብለኝ ስትለው በነበረ ድምፅ ነው ያለችው። «ልጄን ያለ እኔ ቀበራችሁብኝ፣ እሺ። ይህቺን ግን ተዉልኝ። ትንሽ ታልቅስና ትተኛለች። ያፌት፣ ለምኜህ አላውቅም።»

ለምናው አታውቅም፤ እውነቷን ነው። ያፌት እጆቹን አያቸው። ቢተዋት ምን እንደሚሆን ከሰው ሁሉ በላይ እሱ ያውቃል። እሱም ተኝታለች፣ ጠብታለች፣ በልታለች ሲባል ከርሟል፤ ቢተዉት እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያች ጀልባ ላይ ይኖር ነበር።

ኤርምያስ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ማን አላችኋት?» ብሎ ጠየቀ።

«ኑሪልኝ» አለች ፌቨን።

«ኑሪልኝ» አለ ኤርምያስ፣ ለራሱ። ጆሮውን ወደ ልቅሶው አዘንብሎ ትንሽ ሰማት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጥሯት አባባ። በእኔ ስም ጥሯት። አንጀቴን በላችው።»

ያፌት ጠራት። «ኑሪልኝ ኤርምያስ» አለ። ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው። «ነፍስ ይማር።»

ልቅሶው ቆመ። ፌቨን መወዝወዟን አላቆመችም፤ ነጠላዋን ገልጣ ወደ ውስጥ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፣ እንደገና ገልጣ አየች። ያን ጊዜ ነው ጩኸቷ የወጣው። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ሙሾ አውራጇም ሁለቱንም ስም አስገብታ ጀመረች፣ የወይጦ ሰው የወለላንና ያልተወለደችውን የኑሪልኝን ለቅሶ አብሮ አለቀሰ። ያፌት ሊደግፋት ጠጋ አለ። ሴቶቹ መንገድ አልሰጡትም፤ እሷም አልጠራችውም።